ያለ ጠላ የተጠራ ደቦ

አንድ ፕሮፌሰር ነበረ፤ ኢኮኖሚክስ አስተማሪ። ሥራው ሰው የልቡን ትቶ የጎረቤቱን ዓይን እያየ ለምን እንደሚኖር በሙከራ መመርመር ነበር። ለዚሁ ብሎ ወደ አንድ የገበሬዎች መንደር ወረደ።

በመንደሩ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ጤፏ ደርሷል፤ ሰማዩም ያለ ወቅቱ ጠቁሯል። ዝናቡ ከቀደማት ጤፉ ይረግፋል፤ ልጆቿም ጦማቸውን ያድራሉ። ደቦ እንዳትጠራ፣ ደቦ የጠራ ጠላ ያጠጣል፤ እሷ ደግሞ የምትጠምቀው እህል የላትም።

ፕሮፌሰሩ የመንደሩን ሰዎች ዋርካ ሥር ሰብስቦ፣ «ጠላ ባይኖር ለዚህች ሴት ጤፍ ደቦ ትወጣላችሁ?» አላቸው።

«ኧረ ጉድ! ያለ ጠላ ደቦ? ከአባቶቻችን ያላየነውን!» አሉ።

እሱ ግን በዋዛ የሚመለስ ሰው አልነበረም። ለእያንዳንዳቸው አንድ ባቄላና አንድ ሽምብራ ሰጣቸው። «ከዚያ ጎጆ ጀርባ ቅል አለ። የምትወጡ ባቄላውን፣ የማትወጡ ሽምብራውን ጨምሩ። ማንም አያያችሁም» አላቸው። ቅሉ በአደባባይ ሲገለበጥ ባቄላ በባቄላ ሆነ፤ ሽምብራ ለመድኃኒት እንኳ ጠፋ።

ፕሮፌሰሩ ነገሩ አለቀ ብሎ ተኛ። ምኑ አለቀ! በማግስቱ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ደጁ ላይ ቆሞ፣ ማን ቀድሞ ይወጣ ይሆን እያለ ጎረቤቱን ያያል። ነጎድጓዱ እየቀረበ ነው። ይህን ጊዜ ሴትዮዋ ነጠላዋን አጥብቃ ታጠቀችና ጉብታው ላይ ወጣች።

«ጠላ የለኝም! ጤፌ ሊረግፍብኝ ነው! የምትመጡ ኑ፤ ባትመጡም ብቻዬን አጭደዋለሁ!» ብላ ጮኸች።

መልስ ሳትጠብቅ ወርዳ ማጨድ ጀመረች። አንዱ ተከተላት፤ ከዚያም መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ፕሮፌሰሩም መነጽሩን ኪሱ ከትቶ ነዶ ተሸከመ። ዝናቡ ሲወርድ ጤፉ ተከምሮ ነበር።

አንተም፣ ልጄ ሞላልኝ፣ «ለሰርጌ በሬዬን ሸጬ ካልደገስሁ ሰው ምን ይለኛል?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ሰው የምትለው ማነው? ጎረቤትህ አይደለም እንዴ? እሱም ባቄላውን ተደብቆ ጥሎ፣ ማጭዱን ይዞ፣ ደጁ ላይ ቆሞ አንተን እያየ ነው። በል በሬህን አትሽጥ! ጉብታው ላይ ውጣና «ያለኝ ይህ ነው» በል። የዚያን ቀን የሚተርፈው ያንተ በሬ ብቻ አይደለም፤ የጎረቤትህም ነው።