«ሰምቻለሁ» ያላለችው ሳጥን

አንድ ጊዜ፣ ድርቁ ጠንቶ ጅብ ሐፍረቱን ጥሎ በጠራራ ፀሐይ መዞር በጀመረበት ዘመን፣ እመት ጦጢት የምትባል እጇ የተባረከ ባለሙያ ነበረች። አህዮች «ጅብ ፈጀን» ብለው ቢያለቅሱባት አንገት ላይ የምትንጠለጠል ሳጥን ሠራችላቸው። የሳጥኗን ቁልፍ በአገጭ ሲጫኑት፣ ኮረብታው ላይ የሚጠብቁት ውሾች አንገት ላይ ያለው ቃጭል ይደውላል። ደግመው ከተጫኑት ግን ቃጭሉ እንደገና ደውሎ ጥሪው ይሰረዛል። ይህንን ያከለችው ውሾቹ «በከንቱ እያስሮጡ ገደሉን» ብለው ስላማረሩ ነው።

መጀመሪያ ያጠለቀቻት ውሃ አመላላሿ አህያ ዳልቻ ነበረች።

«እመት ጦጢት፣ መስማቷን በምን አውቃለሁ?» አለች።

ጦጢት ከት ብላ ሳቀች። «ኧረ እባክሽ! የኔ ዕቃ ትሠራለች እንጂ አትለፈልፍም። አንቺ ብቻ ተጫኚ።»

ዳልቻም ደግማ ለመጠየቅ አፍራ ሄደች።

በሦስተኛው ቀን ጦጢት ውሾቹ ዘንድ ተቀምጣ ሳለ ቃጭሉ ደወለ። ውሾቹ ተፈትልከው ወጡ። ገና ቁልቁለቱን ሳይጨርሱ ቃጭሉ እንደገና ደወለ።

«ተሰርዟል፤ ተመለሱ!» አለ አለቃቸው መቻል።

«አያችሁ?» አለች ጦጢት ደረቷን ነፍታ፤ «እንዴት ያለች ዕቃ ናት!»

ወዲያው ደግሞ ደወለ። ተሰረዘ። ደወለ። ተሰረዘ።

«ምን ነካት ይቺ አህያ? ትቀልድብናለች እንዴ?» አለ መቻል። ለመጨረሻ ጊዜ ሲደውል ውሾቹ እያጉረመረሙ በእርምጃ ወረዱ። ጦጢት ግን ቀድማቸው ሮጠች።

ወንዙ ዳር ሲደርሱ ዳልቻ አልነበረችም። አያ ጅቦ ሆዱ ተወጥሮ፣ መነሳት አቅቶት ተጋድሟል። ሳጥኗ ደም ነክቷት አጠገቡ ወድቃለች።

«ዳልቻ ምን አለች?» አለች ጦጢት።

«አገጯን ሳጥኗ ላይ እየጫነች ‹ሰማሽ ወይ? ሰማሽ ወይ?› ትላለች» አለ ጅቦ። «ማንን እንደምትጠይቅ አልገባኝም፤ እኔ ሆዴን ነው የማውቀው። ማንም ሳይመልስላት ሲቀር ግን አሳዘነችኝና ‹አዎ፣ ሰምቻለሁ› አልኳት።»

ውሾቹ ዘለው ያዙት። ጦጢት ዞር ብላም አላየች። ሳጥኗን ከፍታ ዕቃዋ በውስጧ የመዘገበችውን አነበበች፦ ጥሪ ተላከ። ጥሪ ተሰረዘ። ጥሪ ተላከ። ጥሪ ተሰረዘ። ጥሪ ተላከ። ጥሪ ተሰረዘ። ጥሪ ተላከ። ሳጥኗ የመጀመሪያውን ጥሪ ሰምታ ነበር። ለራሷ ጽፋ ይዛለች፤ ለዳልቻ ግን አንዲት ቃል አልነገረቻትም፤ ዳልቻም ሳጥኗ ያልሰማች መስሏት ደግማ በተጫነች ቁጥር የራሷን ጥሪ ሰርዛለች።

«እኔ ነኝ የገደልኳት» አለች ጦጢት። «ጠይቃኝ ነበር እኮ!»

ከዚያ በኋላ ሳጥኖቹን ሁሉ ሰብስባ ፈታቻቸው። ለእያንዳንዷ ትንሽ መብራትና ድምፅ አበጀችላት። የመጀመሪያዋን ለዳልቻ እህት ልታጠልቅላት ስትል አህያዋ ፈራ ተባ እያለች፣

«እመት ጦጢት፣ መስማቷን በምን አውቃለሁ?» አለቻት።

ጦጢት አልሳቀችም። ቁልፉን በገዛ እጇ ተጫነችው። አረንጓዴ መብራት ቦግ አለ፤ ሳጥኗም «ሰምቻለሁ፤ እየመጡ ነው» አለች። ጦጢት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች።

ከዚህ የምንማረው፣ ለሌላው የሚሠራ ሁሉ የተጣራውን መስማቱ ብቻ እንደማይበቃና መስማቱን ለተጣራው እስካላሳወቀ ድረስ ሥራው እንዳላለቀ ነው።