በወፍጮ የተለወጠች መኪና

ከሐረጎ ዳገት ግርጌ ባለች አንዲት ከተማ፣ ሰው የማይሆን ልውውጥ ሲያደርግ የሚጠቀስ አባባል አለ። ብዙዎች ከአባት ከአያት የወረደ ይመስላቸዋል። በዚያች ዕለት ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ የተሰለፉት ግን መጀመሪያ የተነገረው በማን ፊት እንደ ነበር ያውቃሉና፣ ሲሰሙት አይስቁም።

ወፍጮዋ የወይዘሮ እታፈራሁ ነበረች። አባቷ ባስተከሏት ቀን የሰፈሩ ሽማግሌ አያ እሸቴ እጃቸውን ዘርግተው፣ «ቆማ ታብላችሁ» ሲሉ መርቀው ነበር። ምርቃቱም ሠመረ። ወፍጮዋ ከቆመችበት ሳትነቃነቅ ቤቱን አበላች፤ አባትየውን በወግ ቀበረች፤ እታፈራሁን በማዕረግ ዳረች። ይመር እታፈራሁን ሲያገባ ወፍጮዋንም አብሮ አገባ ማለት ይቻላል፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ቅንድቡ ጠቁሮ አያውቅም። ሰዉ «ይመር ዱቄቱ» አለው። ሲጠሩት ይስቃል። ቤቱ ሲገባ ግን ዝም ይላል፤ ያ ዝምታ ከምን እንደሚመጣ እታፈራሁ ታውቅ ነበር።

አንድ ጊዜ ክረምቱ እንደ ወጣ፣ አቶ ቀለመወርቅ የሚባሉ የእህል ነጋዴ ከአዲስ አበባ መጡ። የመጡባት መኪና ጣሊያን ሠራሽ፣ ለእሽቅድምድም የተሠራች፣ ባለ ሁለት መቀመጫ፣ ቁመቷ ከሰው ወገብ የማያልፍ፣ እንደ በርበሬ የቀላች ነበረች። ዕድሜዋ ከእነ ይመር ትዳር ይበልጣል። ቢሆንም ስትነሣ ድምፅዋ ደረት ውስጥ ገብቶ ያንኳኳል። ይመር ከወፍጮ ቤት ወጥቶ፣ እጁን በሽርጡ ጠርጎ አጠገቧ ቆመ። ሊነካት ግን አልደፈረም፤ ዱቄቱ እንዳያቆሽሻት ፈርቶ።

«ወደድካት?» አሉት ነጋዴው።

«ማን ይጠላታል፣ ጌታዬ?»

«እንግዲያው ወፍጮዋን ስጠኝና ውሰዳት።»

ከወፍጮ ቤቱ ደጃፍ የቆመችው እታፈራሁ ቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። የይመርን ፊት ስታይ ግን ፈገግታዋን ሰበሰበች።

«ጌታው፣ እንዲህ የመሰለችውን ስለ ምን ይለቋታል?» ስትል ነጋዴውን ጠየቀቻቸው።

«እኔ ሥራ ይበዛብኛል፣ እመቤቴ። እሷ ደግሞ ጊዜ ያለው ሰው ትፈልጋለች።»

ሰውየው ከዚህ የበለጠ እውነት ሊናገሩ አይችሉም ነበር፤ እታፈራሁ ግን ትሕትና መሰላት።

«የጤፍ ጆንያ የት ላይ ይጫናል?» አለች ደግሞ።

ይመር የኋላውን ከፈተ፤ ሞተር ነው። የፊቱን ከፈተ፤ ለአንድ ስልቻ ዱቄት እንኳ የማይበቃ ጎድጓዳ ነው።

«ጆንያ መሸከም የአህያ ነው» አለና ዘጋው።

እምቢ ልትል ነበር። ወፍጮዋ የአባቷ ናት፤ ያለ እሷ ቃል የሚጸና ውል አልነበረም። ይመር ግን በወጣትነቱ የጭነት መኪና ሾፌር ነበርና፣ ነጋዴውን አስፈቅዶ፣ እሷን ከጎኑ አስቀምጦ ሐረጎን ወጣ። መኪናዋ ጠመዝማዛውን ዳገት እንደ ውኃ ጠጣችው። ነፋሱ የእታፈራሁን ነጠላ ከራሷ ገፈፈው። ከተማዋ ከእግራቸው ሥር ወረደች፤ ወፍጮ ቤቱም የክብሪት ቀፎ አክሎ ታየ። ያን ጊዜ እታፈራሁ ሳቀች፤ ከልጅነቷ ወዲህ ያልሳቀችውን ሳቅ። ይመር ዞር ብሎ አያት። ፊቱ ላይ ዱቄት አልነበረም። «ለካ ያገባሁት መልከ መልካም ሰው ነው» አለች በልቧ።

ሲወርዱ እሺ አለች። ኋላ ሰው ሁሉ ይመርን ሲያማ እሷ አብራ ያላማችው በዚህ ምክንያት ነው።

በግ ታርዶ ጎረቤት ተጠራ። አያ እሸቴ ሊመርቁ ተነሡና መኪናዋን እያዩ ጥቂት ቆዩ። «ለዚህችኛዋስ ‹ቆማ› አይባልም» ብለው አጉተመተሙ። ከዚያም፣ «እንግዲህ፣ ሄዳ ታብላችሁ» አሉ። ሕዝቡም አሜን አለ።

አሜኑ ግን መሬት ላይ ቀረ። መኪናዋ ጭነት አትጭን፣ ተሳፋሪ አትይዝ። የሰፈሩ ድንጋይ ሆዷን ቀደደው። የተሰበረባት ዕቃ ከባሕር ማዶ መምጣት ነበረበት፤ ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ ሲመጣም የሌላ መኪና ሆኖ ተገኘ። ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ስትቀመጥ እንኳ አላረፈችም፤ ባትሪዋ እንዳይሞት፣ ሞተሯም ደርቆ እንዳይነክስ፣ በየማለዳው መነሣት ነበረባት፤ ስለዚህ ካለችበት ሳትንቀሳቀስ ቤንዚን ትጠጣለች። ጎማዋ ባልሄደችበት መንገድ አለቀ። ለማትወጣበት አስፋልት በየዓመቱ ቦሎ ይለጠፍላታል። መጀመሪያ ላሚቱ ተሸጠች፤ ቀጥሎ የእታፈራሁ የጆሮ ወርቅ።

ይመር ግን ማለዳ ማለዳ ሸራውን ገፍፎ ያስነሣታል። ድምፁን የሰማ አላፊ አግዳሚ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ፣ «ጋሼ ይመር፣ ዛሬም ቀሰቀሷት!» ይላል። ሞተሩ እስኪጠፋ ድረስ ይመር ጋሼ ነው። እታፈራሁ ይህን በመስኮት እያየች፣ የሚቀጥለው ምን እንደሚሸጥ ታስባለች።

በመጨረሻ ጨከነች።

«ለሰውየው መልስለት።»

«ጠይቄው ነበር።»

«ምን አለህ?»

«ሳቀ።»

ይመር ጫማውን እያየ፣ «ለወፍጮዋ ግን ሙያውን የሚያውቅ ሰው እፈልጋለሁ አለኝ» ሲል ጨመረ።

ለዐቢይ ጾም መያዣ እታፈራሁ ጤፏን በጀርባዋ ተሸክማ፣ አባቷ ባስተከሏት ወፍጮ ደጃፍ ወረፋ ያዘች። ተራዋ ሲደርስ ሚዛኑ አጠገብ የቆመው ሰው ቅንድቡ ነጭ ነበር።

«ስንት ኪሎ ነው?» አላት፣ ቀና ሳይል።

«አንተው መዝነው።»

መዘነው። ዋጋውንም እንደ ማንኛውም ደንበኛ ነገራት።

«አንተ ይመር ዱቄቱ፣» አለች ከሰልፉ አንዷ፣ «ለሚስትህም ታስከፍላለህ እንዴ?»

«ወፍጮው የሰው ነው» አለ።

ሰልፉ ሊስቅ ከጅሎ ተወው። እታፈራሁ የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ ከፈለች። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ እንዲያያት ጠበቀች፤ እሱ ግን ጤፉን ወደ ወፍጮዋ አፍ መገልበጥ ጀምሮ ነበር፤ የቀረውንም ፊቱን ዱቄቱ ሸፈነው።

ከሰልፉ ኋላ ምርኩዛቸውን ተደግፈው የቆሙት አያ እሸቴ ነበሩ። ለከተማው አዲስ የሆነች አንዲት ሙሽራ ወደ እሳቸው ጠጋ ብላ፣ «አያ፣ ምን ሆኖ ነው ሰዉ ሁሉ ዝም ያለው?» ስትል በለሆሳስ ጠየቀች። ሽማግሌው ወፍጮዋን የመረቁበትን እጃቸውን ከምርኩዙ አንሥተው መልሰው አሳረፉትና፣ «ልጄ፣ ቆማ የምታበላውን ሰጥቶ፣ ቆማ የምትበላውን አመጣ» አሏት።