የእትዬ አስረበብ ቀፎ

ከዳንግላ ወጣ ብላ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ሰው የራሱን ወይም የልጁን ለውጥ በየቀኑ እየመረመረ ሲያስቸግር የሚወረወርበት አባባል አለ። ነገሩ የተጀመረው በእትዬ አስረበብ በረንዳ ነው።

እትዬ አስረበብ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ጠዋት ይነሣሉ፣ በሩን ይከፍታሉ፣ ፊታቸውን ሳይታጠቡ በረንዳው ጣሪያ ሥር ወደተንጠለጠለው ቀፎ ሄደው ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ባላቸው ጋሽ ዋሴ በሕይወት ሳሉ እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ከውስጥ ጥዝ ጥዝ ሲል «ደኅና አድረዋል» ይሉና ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ጋሽ ዋሴ ካረፉ ወዲህ በዚያ ቤት ጠዋት ጠዋት የሚሰማ ሌላ ድምፅ የለም።

የባላቸው የእኅት ልጅ ይበልጣል ባሕር ዳር ሄዶ «ራስን ማሳደግ» የሚባል ስልጠና ወሰደና አንገቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሎ ሌላውን ሊያሠለጥን ተመለሰ። ባጁን ለቅሶ ቤት እንኳ አያወልቀውም። በየቅዳሜው ሠልጣኞቹን በከተማዋ አዳራሽ ደረጃ ላይ ያቆማል፤ በሳምንቱ የተሻሻለ ሰው አንድ እርከን ይወጣል፣ ሌላው ያጨበጭባል። መውረድ ክልክል ነው። ሥጋ ሻጩ ፈንቴ «ቁጣን ትቻለሁ» ብሎ ከሁሉ በላይ ወጥቶ ነበር፤ እዚያው ላይ ሆኖ አጠገቡ የቆመውን «ምን ትገፋኛለህ፣ አንተ ደደብ!» ሲለው ሁሉም ሰማ። አልወረደም።

እትዬ አስረበብም ዘመድ ላለማስቀየም ሄዱ። አንድ ቅዳሜ፣ ጎረቤት ቤት ተቀምጠው ከልባቸው መሳቃቸውን ተናገሩና ተጨብጭቦላቸው አንድ እርከን ወጡ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ማንም ሳያዛቸው ወረዱ።

«እትዬ፣ መውረድ የለም እኮ!» አለ ይበልጣል።

«እኔ ግን ወርጃለሁ።»

«ምን ተፈጠረ? ባለፈው ስቀው አልነበረም?»

«ማክሰኞ የዋሴን ኮት አገኘሁ» አሉ።

ይበልጣል ሊመክራቸው ቤታቸው ድረስ መጣ። ገና ሳይቀመጥ ዓይኑ ቀፎው ላይ አረፈ።

«ይኸው! ንብ መቼ ወደ ኋላ ይላል? በየቅዳሜው እየከፈትን ለሠልጣኞቹ እድገቱን እናሳያቸዋለን። እርስዎም ይማሩበታል።»

«ዋሴ አደይ አበባ ሳይረግፍ ቀፎ አይነካም ነበር።»

«ጋሼ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሳይሠለጥኑ ነው የሞቱት።»

እትዬ አስረበብ መልስ ነበራቸው። ግን እንቢ ቢሉ «ይኸው፣ አሁንም ከሐዘኑ አልወጡም» መባሉ ታያቸውና ዝም አሉ። እሱ ዝምታቸውን እሺታ አደረገው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሠልጣኞቹ ተሰልፈው ነጭ ሰፈፍ አዩና አጨበጨቡ። ይበልጣልን አንዲት ንብ ነድፋው ዓይኑ አበጠ፤ «ይህም እድገት ነው» አለ። በሁለተኛው ሰፈፉ ማር ቋጥሮ ተገኘ፤ ጭብጨባው በረታ። ከዚያ ግን ዝናቡ ሳያባራ ሰነበተ፤ ንቦቹም መውጣት ሲያቅታቸው ያጠራቀሙትን በሉ። ቀፎው ሲከፈት ማሩ ጎድሏል።

ይበልጣል ደነገጠ። «ወደ ኋላ ሄደዋል! ክትትል አንሷቸዋል!»

የቅዳሜው ነገር የየማታ ሆነ። ያጨሳል፣ ይከፍታል፣ ይለካል፤ ወደ ቀፎው አፍ ጎንበስ ብሎም «ትችላላችሁ!» ይላል።

ጎረቤታቸው አያ ሙጬ አጥሩን ተደግፈው ያዩ ነበር። «ልጄ፣ እነሱንም ደረጃው ላይ አቁማቸዋ!» አሉት።

«አይቀልዱ አያ። ጎበዝ ንብን ዝናብ አያግደውም።»

«አንተ ራስህ ጠብ ሲል ስልጠናህን ትበትን የለ?»

እትዬ አስረበብ ጠዋት ጆሯቸውን ሲያስጠጉ ድምፁ እየተለወጠ፣ የተቆጣ ሰው ጉርምርምታ እየመሰለ መጣ። «ተዋቸው፣ ይበልጣል» አሉ በመጨረሻ።

«ይቺን ቅዳሜ ብቻ፣ እትዬ።»

በዚያች ቅዳሜ ለሁሉም በደንብ ይታይ ብሎ በጠራራ ፀሐይ መጣ። ገና ክዳኑን ሲነካው ንቡ በአንድነት ግር ብሎ ወጣ። ጠቁሮ ከበረንዳው ተነሣ፣ ከባሕር ዛፉ በላይ ከፍ አለ፣ አሁንም ከፍ አለ። ከሠልጣኞቹ አንዷ ከልማድ የተነሣ አጨበጨበች። ፈንቴ «ተይ እኅቴ» አላት ቀስ ብሎ። ያለ ስድብ ሲናገር ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነበር፤ እርከን የሰጠው ግን የለም።

«ይመለሳሉ» አለ ይበልጣል ባጁን እያሻሸ።

በማግሥቱ እትዬ አስረበብ ተነሡ፣ በሩን ከፈቱ፣ ፊታቸውን ሳይታጠቡ ጆሯቸውን ቀፎው ላይ አስጠጉ። ቆዩ። በቤቱ ምንም ድምፅ አልነበረም።

ገበያ የምትሄድ አንዲት ሴት በመንገዱ ቆማ «ምነው እትዬ፣ ይበልጣል ትናንት ሰው ሰብስቦ ምን ሠራ?» ብላ ጠየቀች። አያ ሙጬ ከአጥሩ ማዶ ሆነው መለሱላት፦

«ማር ሊለካ ከፍቶ፣ ንብ ሸኝቶ ገባ።»