ያልታየው ወፍ

ወገኖቼ፣ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ነበር። የሚጠብቀው በሐይቅ ዳር ያለ፣ ደንገል የሚባለው ረጅም ሣር የበቀለበት፣ ለወፎች የተከለለ ረግረግ ነው። መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያባራ ወፎች ከሩቅ አገር እየመጡ ያንን ውሃ ይሞሉታል። ጎብኚም ይመጣል። በሩ ላይ ደብተር አለ፤ ሁሉም ያየውን ጽፎ ይሄዳል። ሽመላ ሁለት። ዳክዬ ብዙ። ጉማሬ አንድ፣ ከነግልገሏ።

አንድ ሰኞ አንዲት ጎብኚ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ከደንገሉ ውስጥ አንድ ወፍ ይጮኻል። ድምፁ ወፍራም ነው፤ ጓ፣ ጓ ይላል። አልታየም።»

ሰውየው አነበበና «ጓጉንቸር ይሆናል» ብሎ ሳቀ።

ማክሰኞ ማለዳ ባልና ሚስት መጡ። እነሱም ጻፉ፦ «ጓ የሚለው ወፍ ዛሬም አለ። ድምፁ ግን ዝቅ ብሏል። ሌሎቹ ወፎች ወደዚያ አይጠጉም።»

አሁን ሰውየው ራሱ ሄደ። ጉሙ ገና ውሃው ላይ ተኝቷል። አቅርቦ የሚያሳየውን መነጽር አነሣ። እውነትም በደንገሉ ዙሪያ አንድ ዳክዬ የለም። አባ ኮዳዎች ብቻ፣ ሰባት ስምንት ይሆናሉ፣ ፊታቸውን ወደ አንድ ቦታ አዙረው ዝም ብለው ቆመዋል። አባ ኮዳን ታውቁታላችሁ፤ ጥንብ የሚበላው ትልቁ ወፍ። ምን ይጠብቃሉ? ማንን ይጠብቃሉ?

ከዚያ ድምፁ መጣ።

«ጓ… ዴ…»

የሰውየው ስም ማን ይመስላችኋል? ጓዴ ነው።

በዚያ አገር ውሃው ሰውን በስሙ ይጠራል ይባላል፤ አቤት ያለ ይወሰዳል ይባላል። አማተበ። ደግሞ አማተበ። ፊቱን ሳያዞር ወደ ኋላው እየተራመደ ወጣ። ደብተሩ ላይም ጻፈ፤ ምን ብሎ? «ያልታወቀ ወፍ። ድምፁ ተሰማ።»

ረቡዕ ድምፅ አልነበረም።

ሚስቱ የሺመቤት፣ «ምን ሆነሃል? ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስክም» አለችው። ነገራት።

«ወፍ ስምህን ከየት ያውቃል?»

«ወፍ አይደለም። ውሃው ነው።»

«ውሃው ከሆነ ለምን ደከመው?»

ጓዴ ታንኳውን ገፋ፤ እሷም አብራው ገባች። አባ ኮዳዎቹ ሲቀርቧቸው እንኳ አልበረሩም፤ በመቅዘፊያ ነው ያባረሯቸው። ደንገሉ መሃል ጎረቤታቸው፣ ዓሣ አጥማጁ አያ አድማሱ ተጋድመዋል። እሑድ ጉማሬ ታንኳቸውን ገልብጦ እግራቸው ተሰብሯል። ቤተሰባቸው ማዶ ሰርግ የሄዱ መስሎት አልፈለጋቸውም። ትንፋሻቸው ግን አለ።

ተረፉ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፉ። እግራቸው ተቆረጠ። ጓዴ ሊጠይቃቸው ሄዶ አልጋቸው ሥር ተንበረከከ። «አያ፣ አላወቅሁም» አላቸው።

«አየሁህ» አሉት። «መነጽሩን ወደ እኔ አዞርክ። አገኘኝ ብዬ እፎይ አልኩ። ከዚያ አማተብክ።»



ወገኖቼ፣ ጓዴ ክፉ ሰው ነው? አይደለም። አልሰማም? ሰምቷል፤ ጽፎታል እንኳ! ግን ለሰማው ነገር ስም አወጣለት። ስም ከወጣለት በኋላ ጥሎት መሄድ ቀለለው።

እናንተስ? ከግድግዳው ወዲያ የምትጮኸውን ሴት ምን አላችኋት? «የባልና ሚስት ጉዳይ ነው» አላችሁ? ደውሎ ዝም የሚለውን ወንድማችሁን «ኔትወርክ ነው» ብላችሁ ዘጋችሁበት? ከቅዳሴ በኋላ ብቻዋን የምትቆመውን ልጅ «ዓመሏ ነው» አላችኋት?

እኔም ብያለሁ። ባለፈው ሳምንት እዚህ በር ላይ አንድ ሰው ጠብቆኝ ነበር። «አባ፣ ትንሽ ላናግርዎ» አለኝ። ነገ ና አልኩት። አልመጣም።

አሁን አንድ ፊት መጥቶባችኋል፤ አውቃለሁ። ምሳ ከመቅመሳችሁ በፊት ወደዚያ ቤት ሂዱ። እኔ የዚያን ሰው ቤት አላውቀውም። እየጠየቅሁ እሄዳለሁ።