ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

ተረት ላምጣ? አምጪ በሉኝ። ከየት ላምጣ? ከጠረጴዛው ሥር በሉኝ። በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ።

ትርሲት የምትባል ልጅ ነበረች። ነርስነት ተምራ የጨረሰች፣ ከእናቷ ከወይዘሮ ዘርትሁን ጋር የምትኖር፣ «ለምን?» ሳትል ውላ የማታድር። አንድ ቀን የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ነርስ ይፈልጋል ተባለ። ማመልከቻ የሚቀበሉት እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ በሩ ዝግ ነው። የትርሲት ፍላጎት ትንሽ ናት፤ አንድ ገጽ ማመልከቻ ጽፋ ማተም።

ቤት ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ግን ያረጀ ነው። ሣጥኑ ትልቅ፣ ድምፁ የወፍጮ። ትርሲት ሦስት መስመር ጻፈች፤ ድርግም አለ። አበራችው፤ ሦስት መስመር፤ ድርግም።

«ምነው ኮምፒውተር፣ ምነው ጠፋህ? ኮምፒውተር ጠፋ፣ ማመልከቻዬ ቀረ!»

«ምን ላድርግ እህቴ? ፕሮሰሰሩ ጋለብኝ። ተቃጥዬ ከምቀር ጠፍቼ ልቆይ አልኩ። እሱን ጠይቂው።»

ትርሲት ሶኬቱን ነቀለች። ሣጥኑ ላይ የተደረበውን ዳንቴል ጫፍ ወደ ኋላ ገፋ አደረገች፣ በካቻቢቴ የሣጥኑን ጎን ፈታች። ፕሮሰሰሩ ብስኩት የሚያህል ነገር ነው፤ ከፋኑ ሥር ተቀምጦ ይተክናል።

«ምነው ፕሮሰሰር፣ ምነው ጋልክ? ፕሮሰሰር ጋለ፣ ኮምፒውተር ጠፋ፣ ማመልከቻዬ ቀረ!»

«የቤቱን ሐሳብ ሁሉ የማስበው እኔ ነኝ፤ የሚያስብ ራስ ይግላል። የሚያራግብልኝ ፋን ሰነፈ። እሱን ጠይቂው።»

«ምነው ፋን፣ ምነው ሰነፍክ? ፋን ሰነፈ፣ ፕሮሰሰር ጋለ፣ ኮምፒውተር ጠፋ፣ ማመልከቻዬ ቀረ!»

«ሰነፍክ ትለኛለች ደግሞ! አንቺ ጆንያ ተሸክመሽ እስቲ ዙሪ! አቧራ ክንፌ ላይ ተኛ። እሱን ጠይቂው።»

አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ወፍሯል።

«ምነው አቧራ፣ ምነው ተኛህ? አቧራ ተኛ፣ ፋን ሰነፈ፣ ፕሮሰሰር ጋለ፣ ኮምፒውተር ጠፋ፣ ማመልከቻዬ ቀረ!»

«ወድጄ መሰለሽ? መንገደኛ ነኝ፤ በፊት ለፊት ገብቼ በጀርባ በኩል ልወጣ ነበር። ወንፊቱ ተዘጋብኝ። እሱን ጠይቂው።»

ከሣጥኑ ጀርባ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ቆርቆሮ አለ፤ ሙቀት የሚወጣው በዚያ ነው።

«ምነው ወንፊት፣ ምነው ተዘጋህ? ወንፊት ተዘጋ፣ አቧራ ተኛ፣ ፋን ሰነፈ፣ ፕሮሰሰር ጋለ፣ ኮምፒውተር ጠፋ፣ ማመልከቻዬ ቀረ!»

«አፌ ላይ የተለጠፈው አይታይሽም? ዳንቴሉ ሸፈነኝ። ቅድምም አንቺው ገፍተሽ ጨመርሽብኝ።»

ዳንቴሉ ነጭ ነው፤ ዙሪያውን አበባ፣ ከሣጥኑ አናት በጀርባው በኩል እስከ ጠረጴዛው ድረስ የወረደ።

«ምነው ዳንቴል፣ ምነው ሸፈንክ? ዳንቴል ሸፈነ፣ ወንፊት ተዘጋ፣ አቧራ ተኛ፣ ፋን ሰነፈ፣ ፕሮሰሰር ጋለ፣ ኮምፒውተር ጠፋ፣ ማመልከቻዬ ቀረ!»

«እኔ ክር ነበርኩ፤ ኮምፒውተር የት አውቄ? እናትሽ ሠሩኝ፣ እናትሽ አለበሱኝ። እሳቸውን ጠይቂ።»

ወይዘሮ ዘርትሁን በረንዳ ላይ ኪሮሻቸውን ይዘው ለሪሲቨሩ ደግሞ ሌላ ዳንቴል ይሠራሉ። ሰዓቱ ስምንት ሆኗል።

«እማዬ፣ ምነው አለበስሽ? እማዬ አለበሰች፣ ዳንቴል ሸፈነ፣ ወንፊት ተዘጋ፣ አቧራ ተኛ፣ ፋን ሰነፈ፣ ፕሮሰሰር ጋለ፣ ኮምፒውተር ጠፋ፣ ማመልከቻዬ ቀረ!»

«አቧራ እንዳይገባበት ነዋ!»

«ገብቶ መውጫ ነው ያጣው።»

«ፍልሰታን ሙሉ ከቅዳሴ መልስ የሠራሁትን አውልቂ ትይኛለሽ? እንግዳ ቢመጣ ራቁቱን ይየው?»

ትርሲት አልተከራከረችም። ሣጥኑን ገጠመች፣ ዳንቴሉን እንደነበረ መለሰች፣ ኮምፒውተሩን አበራች፣ ወፍጮው እስኪጮህ ጠበቀች። ከዚያ የእናቷን እጅ ይዛ ከዳንቴሉ ሥር አስገባችው። ያ እጅ የስንቱን ልጅ ግንባር ዳስሷል!

«በስመ አብ! ይሄማ ትኩሳት ነው!»

«ትኩሳት የያዘውን ልጅ ምን ታደርጊዋለሽ?»

ወይዘሮ ዘርትሁን የድሮው ትዝ አላቸው። ትርሲት በሁለት ዓመቷ ትኩሳት ይዟት፣ በሁለት ጋቢ ጠቅልለው ጤና ጣቢያ ሮጠው ነበር። ነርሷ መርፌም ኪኒንም ሳትል አስቀድማ ጋቢዎቹን ገፈፈች። «እናቴ፣ ሙቀቱ በየት ይውጣ?» አለቻቸው። ይህን ራሳቸው ስንት ጊዜ አውርተዋል! ትርሲትም ነርስ ልሁን ያለችው ይህን ስትሰማ አድጋ ነው።

«አይ እኔ! አንቺን እንደዚያ፣ እሱን እንደዚህ። አምላኬ ሆይ፣ ሁለቴ አንድ ጥፋት!» ብለው ዳንቴሉን በገዛ እጃቸው ሳብ አደረጉት። ሶኬቱ ተነቀለ፣ ሣጥኑ ተፈታ፣ ንጹሕ የቀለም ብሩሽ መጣ። ትርሲት ፋኑን በጣቷ ይዛ ስትጠርግ እሳቸው «ቀስ! ቀስ!» ይላሉ።

እማዬ አወለቀች፣ ዳንቴል ወረደ፣ ወንፊት ተከፈተ፣ አቧራ ወጣ፣ ፋን ዞረ፣ ፕሮሰሰር በረደ፣ ኮምፒውተር በራ። ሦስት መስመር፣ አሥር መስመር፣ አንድ ገጽ ሙሉ። ድርግም የለም። ማመልከቻው ታተመ!

ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ። ውጭ ነፋሱ የመንገዱን አቧራ ያቦናል። ትርሲት ወረቀቷን ይዛ ልትሮጥ ስትል እናቷ ጠሯት፤ ዳንቴሉን አራግፈው ማመልከቻውን በእሱ ጠቀለሉላት።

«ወረቀትስ አይተነፍስም፤ ይሸፈን» አሏት። «በይ፣ አምላክ ይቅደምልሽ።»

ጤና ጣቢያው በር ላይ ዘበኛው ቁልፉን አንሥቷል። «ቶሎ ግቢ!» አላት። ጸሐፊዋ ዳንቴሉን ብትፈታ ወረቀቱ ነጭ፣ አንድ ብናኝ የለበት። ማኅተሙ አረፈ፤ ትርሲት ተመዘገበች።

ተረቴን መልሱ፤ የሸፈናችሁትን ግለጡና አቧራውን አብሱ።