የድንጋይ ጠራቢው ጎማ

ወገኖቼ፣ ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ድንጋይ ጠራቢ ነበር። ቤቱ ከከተማው ወዲህ ጫፍ፣ ሥራው ወዲያ ጫፍ፤ ሁለቱን የሚያገናኝለት አንድ ብስክሌት ነው።

ይህ ሰው በእጁ ይኮራል። ይኩራ እንጂ! ሃያ ሁለት ዓመት መዶሻና መሮ የያዘ እጅ ነው። የጋለ ድስት ያለ ጨርቅ ከእሳት ያወርዳል። ጎረቤቱ ምንይችል ልብስ ሰፊ ነው፤ በተጨባበጡ ቁጥር ጠራቢው፣ «አንተ፣ ይሄ እጅ ነው ወይስ ገንፎ?» ይለዋል። ምንይችልም፣ «ገንፎም ቢሆን ቅቤ አያጣም» ብሎ ያልፈዋል።

በዚያ ሰሞን የቤተ ክርስቲያን በር ቅስት ሊቆም ነው። ለጠራቢ ከዚህ የሚበልጥ ምን አለ? የልጅ ልጅ ቆሞ፣ «ይሄን የሠራው አያቴ ነው» የሚልበት ሥራ ነው። አለቃው ይበልጣል ቅስቱን ለእርሱ ሰጠው። አንድ ቃል ብቻ ጨመረ፦ «በሰዓትህ ና።»

ሰኞ ጠዋት ጎማው ተንፍሶ አገኘው። የውስጡን ጎማ አወጣ፤ ውሃ ውስጥ ነከረው፤ አረፋ የሚያወጣውን ቀዳዳ አገኘ፤ በማስቲሽ ለጠፈ። ከዚያም አዋቂ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ የወጋው ነገር ተሰክቶ እንደሆነ ብሎ፣ የውጭውን ጎማ ሆድ በመዳፉ ዞሮ ዳሰሰ። «ንጹሕ ነው» አለ።

ማክሰኞ ተነፈሰ። ለጠፈ፤ ዳሰሰ፤ «ንጹሕ ነው።»

ረቡዕ ተነፈሰ። መንገዱን ረገመ። ሐሙስ ተነፈሰ። የማስቲሹን ፋብሪካ ረገመ። ዓርብ ጎረቤቶቹን መጠርጠር ጀመረ።

ዓርብ ዕለት ይበልጣል የሥራው ቦታ በር ላይ ጠበቀው። «ነገ ካረፈድህ ቅስቱን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ።»

«ጎማው እኮ ነው፣ አለቃ!»

«ጎማው ነው እንዴ ቅስት የሚሠራው?»

ቅዳሜ ማለዳ ደግሞ ተነፈሰ። ጠራቢው ደጃፉ ላይ ተንበርክኮ ለጥፎ ዳስሶ ሲጨርስ ምንይችል ከቤቱ ወጣ።

«እስቲ ስጠኝ፣ ልዳስሰው።»

«ስድስት ጊዜ ዳስሼዋለሁ!»

«ሰባተኛውን እኔ ልዳስስ። ምን ይጎዳል?»

«በዚያ በገንፎ እጅህ?»

ምንይችል እጁን ዘረጋ። የውጭውን ጎማ ተቀበለና በጣቱ ጫፍ ቀስ እያለ ሄደ። ግማሽ ዙር ሳይደርስ፣ «ውይ!» ብሎ እጁን ሰበሰበ። ደማ። አንዲት የግራር እሾህ ናት፤ ጫፏ ብቻ ወደ ውስጥ ብቅ ብላለች።

ጠራቢው አላመነም። እሾኋን በዓይኑ እያየ መዳፉን በላይዋ አሳለፈ። ምንም አልተሰማውም። እንደገና አሳለፈ። ምንም።

«ከስንት ጊዜ ጀምሮ ነው ግን የማይሰማህ?» አለው ምንይችል።

ጠራቢው መዳፉን ገልብጦ አየው። እሾኋን በጉጠት ነቀለ፤ ነፋ፤ ጋለበ። ይበልጣል ሰዓቱን አይቶ መንገዱን ለቀቀለት። በሚቀጥለው ሳምንት ቅስቱ ቆመ፤ ወገኖቼ፣ ምን ዓይነት ቅስት! አላፊ አግዳሚው አንገቱን ቀና ሳያደርግ አያልፍም።

አሁን ልጠይቃችሁ። ያ እጅ ዋሽቷል? አልዋሸም። ሰንፏል? በፍጹም! ቅስት ያቆመ እጅ ነው፤ ክብር ይገባዋል። ግን የጠነከረበት ሥራ ራሱ አደነዘዘው።

እናንተስ? ስንት ዓመት ጾማችሁ? ስንት ዓመት አገለገላችሁ? ስንት የተጣላ አስታረቃችሁ? ኩሩበት፤ አልከለክልም። ግን እቤታችሁ ትጣላላችሁ፤ ይቅር ትባባላላችሁ፤ በሳምንቱ ትጣላላችሁ። ትለጥፋላችሁ፤ ይተነፍሳል። ልባችሁን ትዳስሱና «ንጹሕ ነው» ትላላችሁ። በማን እጅ ዳስሳችሁ?

ለመሆኑ አጠገባችሁ «ውይ» የሚል ሰው የለም? አለ። ባለቤታችሁ ናት፤ ወንድማችሁ ነው፤ ያ የምትቀልዱበት ጎረቤት ነው። እናንተ፣ «ይሄማ ሆደ ባሻ ነው» ትሉታላችሁ። ሆደ ባሻ አይደለም፤ የሚሰማው ሰው ነው!

ዛሬ ወደ ቤት ስትገቡ እርሱን ፈልጉት። «የምወጋህ የት ላይ ነው?» በሉት። ሲነግራችሁ ያገለገላችሁበትን ዘመን አትቁጠሩለት፤ «እኔ እኮ አልታወቀኝም» ብላችሁም አትከራከሩት። እርሱ ያሳያችሁን እሾህ እናንተ ንቀሉት።