«ና» ማለት የተወው አባት

አንድ ሰው ነበረ። ስሙን ተዉት። ስም ብጠራ ከመካከላችሁ አንገቱን የሚደፋ አይጠፋም።

ይህ ሰው ከሆሳዕና ወጣ ብላ ካለች መንደር ተነሥቶ ደቡብ አፍሪካ ገባ። እንዴት እንደ ገባ አትጠይቁኝ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁትን ደግሞ ከማወቅ ይሰውራችሁ። እዚያም «ሎኬሽን» በሚሉት የድሆች ሰፈር ውስጥ ሱቅ ከፈተ።

ሱቅ ስላችሁ ታዲያ እዚህ እንደምናውቀው፣ ደጁ ላይ አግዳሚ ወንበር ያለው፣ ሰው ጨው ሊገዛ ሄዶ ወሬ ሸምቶ የሚመለስበት አይምሰላችሁ። ዙሪያውን የብረት ፍርግርግ ነው። ሻጩ ከውስጥ፣ ገዢው ከውጭ። ዳቦውን በቀዳዳ ያቀብላል፣ ገንዘቡን በቀዳዳ ይቀበላል። የሚተኛውም እዚያው ከዱቄቱ ጆንያ ጀርባ ነው። ከሩቅ ለሚያየው ሰው ማን ነጋዴ ማን እስረኛ እንደ ሆነ መለየት ያስቸግራል።

አባቱ አቶ ላፌቦ ይባላሉ። አቶ ላፌቦ ሰላምታ የሚባል ነገር አያውቁም ነበር። በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ልጃቸው ይደውላል።

«አባ፣ እንዴት ሰነበትህ?»

«ና።»

«ጤናህስ?»

«ጤናዬን መጥተህ እየው።»

«የላክሁልህ ካፖርት ደረሰህ?»

«ደርሷል። ካፖርት አያጫውተኝም። አንተ ና።»

እንዲህ ያለ አባት ታውቃላችሁ? አትሳቁ። እናንተም ቤት አለ።

ልጁ ምን ይመልሳል? «ለመስቀል እመጣለሁ» ይላል። በእኛ አገር መስቀል ምን እንደ ሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም፤ የወጣ ሁሉ የሚገባበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት፣ ልጅ አባቱ ፊት ተንበርክኮ የሚመረቅበት ነው። ለመስቀል አለ። መስቀል መጣ፤ እሱ አልመጣም። በሌላውም መስቀል እንዲሁ። ሱቁ ተዘረፈ። የመኖሪያ ወረቀቱ አላለቀም፤ ከወጣ መልሰው አያስገቡትም። ለአባቱ የሚያሠራው ባለ ፎቅ ቤት ደግሞ ጣሪያ ላይ ደርሷል፣ አሁን ሥራ ቢያቆም ቤቱ ዝናብ ይበላዋል።

ይህን ልብ በሉልኝ፤ ምክንያቶቹ ሁሉ እውነት ነበሩ! አልዋሸም። ሰነፍም ክፉም ልጅ አልነበረም። እኛ ከወላጆቻችን የምንለየው በክፋታችን ቢሆን ኖሮ ንስሐ መግባቱ እንዴት በቀለለን!

ታዲያ አንድ እሑድ ደወለ። «አባ፣ እንዴት ሰነበትህ?» ብሎ «ና» የምትለዋን ጠበቀ። አልመጣችም።

«ደህና ነኝ ልጄ» አለው ድምፁ። «አንተ ሥራህን ሥራ። ሲመችህ ትመጣለህ።»

ሰውየው ጆሮውን ማመን አቃተው። ስልኩን ዘግቶ ሊጠይቀው ወደ መጣ አንድ ጓደኛው ዞረና «አባቴ ገባው!» አለ። «በስንት ጊዜው የእኔ ችግር ገባው። ከእንግዲህ አይነዘንዘኝም።» እፎይ አለ። የዚያን ዕለት ከልቡ ሲስቅ ዋለ።

ከዚያ በኋላ መደወሉ ቀለለው። ስለ ዝናቡ ያወራሉ፣ ስለ እንሰቱ ያወራሉ፣ ላሟ ስለ መውለዷ ያወራሉ። በመጨረሻ አባቱ ይመርቁታል። ድምፁ ትንሽ ሻክሮ ነበር፤ ጉንፋን ነው አሉት። «በምስል ልይህ» ሲል «እዚህ ኔትወርክ የት አለና» አሉት። እውነት ነው፣ የለም። እሱም ተወው።

ዓመት አልፎ ሌላ ዓመት ተተካ። ወረቀቱ አለቀለት። «አባ፣ ትኬት ቆረጥሁ!» ብሎ ደወለ። ማዶ ያለው ድምፅ ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎት «አባ? ሄሎ?» አለ። ቆይቶ «በሰላም ያግባህ» የሚል መልስ መጣና ስልኩ ተዘጋ።

ሆሳዕና መነኸሪያ ዘመዶቹ ተቀበሉት። ወደ አባቱ ቤት ግን አልወሰዱትም፤ አጎቱ ቤት አስገቡት። «አባቴስ?» አለ። «ዱራሜ ዘመድ ሊጠይቅ ሄዷል፣ ነገ ይደርሳል» አሉት። ልጁ ከባሕር ማዶ ሲመጣ ዱራሜ የሚሄድ አባት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ክትፎ ቀረበ፣ ቆጮ ቀረበ፣ አይብ ቀረበ። «ብላ» ይሉታል። «መንገድ ጎድቶሃል፣ ብላ እንጂ!» እህቱ ዘሪቱ ታጎርሰዋለች፤ ዓይኗን ግን ከሳህኑ አታነሣም። እሱ ይበላል፤ ከእሱ በቀር የሚበላ የለም። ግድግዳውን ተደግፈው እሱን ብቻ ያያሉ።

እናንተ ገብቷችኋል። ፊታችሁ ላይ አየዋለሁ። መርዶ የሚረዳ ሰው መጀመሪያ ይጠግባል። ነገ እህል አይወርድለትማ! ባዶ ሆዱን እንዳይወድቅ ነው። የአባቶቻችን ርኅራኄ ነው፣ ደግ ባህል ነው። እዚህ የኖረ ሰው ቢሆን በሁለተኛው ጉርሻ ይነቃ ነበር። እሱ ግን የገዛ አገሩን ምልክት ማንበብ ረስቶ ነበርና፣ እንደ ተወደደ እንግዳ በልቶ፣ አመስግኖ ተኛ።

ሊነጋጋ ሲል የመንደሩ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ መጣ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችም መጡ። ከመኝታው አስነሥተው በግራ በቀኝ ያዙት። «ልጄ፣ በርታ። አባትህ ወደ ጌታ ሄዷል።»

ጮኸ። ወደቀ። ያዙት፣ አብረውት አለቀሱ። ሲደክመው ቀና ብሎ «መቼ?» አለ። «ትናንት ነው? ዱራሜ ነው?»

አጎቱ አቶ ኤርሲዶ፣ የአባቱ ታናሽ ወንድም፣ ቆባቸውን አወለቁ። «ሁለት ዓመት ሆኖታል» አሉ።

«ምን ሁለት ዓመት! ባለፈው እሑድ አነጋግሬዋለሁ እኮ!»

«ያነጋገርኸው እኔን ነው።»

አቶ ኤርሲዶ መሬት መሬቱን እያዩ ተናገሩ። «ድምፃችን አንድ ነው። ወላጅ እናታችን እንኳ በጨለማ አትለየንም ነበር። እዚያ ብረት ውስጥ ብቻህን ሆነህ ብትሰማ ማን ይይዝሃል? ማን አብሮህ ይጮኻል? ተሰብስበን መከርንና ‹እስኪመጣ አንተ አናግረው› አሉኝ። አንድ እሑድ ብቻ መስሎኝ ነበር፣ ልጄ። ከዚያ መውጫው ጠፋኝ።»

ሰውየው አልተቆጣም። እንዲያው ትኩር ብሎ አያቸው። «ጋሼ ኤርሲዶ፣ ታዲያ ለምን ‹ና› አላሉኝም? አባቴ እኮ ያለ እሷ ቃል አልነበረውም።»

«አቃተኛ! ሌላውን ሁሉ ዋሸሁህ። ስለ ጤናው ዋሸሁህ፣ ስለ ጉንፋኑ ዋሸሁህ። በሞተ ሰው አፍ ‹ና ልይህ› ማለት ግን ከበደኝ። መጥተህ ማንን ልታይ?»

ያን ጊዜ ነው ሰውየው ፊቱን በሁለት እጁ የሸፈነው። ከሞቱ ይልቅ ያቃጠለው ሌላ ነገር ነበር። «እኔ እኮ ደስ ብሎኝ ነበር» አለ። «አባቴ በሞተ ሳምንት እፎይ አልሁ። ሳቅሁ። ገባው ብዬ ሳቅሁ።»

ምን ብለው ያጽናኑት? እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር?

ቆይቶ ደግሞ የአጎቱን እጅ ያዘ። «እባክዎ አንድ ጊዜ ይበሉኝ» አላቸው። «በእሱ ድምፅ። አንዲት ጊዜ ‹ና› ይበሉኝ።»

አቶ ኤርሲዶ አፋቸውን ከፈቱ። አልወጣላቸውም። ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሷን እሱ ብሎ ጨርሷታል፣ ልጄ» አሉት።

ወገኖቼ፣ የሰው አገር ኑሮ ስንት ያወጣል? ከመካከላችሁ ይህን ያልሰላ የለም። እዚያ የቤት ኪራዩ እንዲህ ነው፣ እዚህ ጤፉ እንዲህ ሆኗል፣ እዚያ ደመወዙ ይሻላል፣ እዚህ ግን ቢያንስ የራስ አገር ነው። ስንሰላ እንውላለን። እኔም ሂዱ ወይም ቅሩ አልላችሁም። የተቀመጣችሁበት ወንበር እንኳ የሄዱት ልጆቻችን በላኩት የተገዛ ነው፤ በእነሱ ወንበር ላይ አስቀምጬ እነሱን ልወቅስ አፍ የለኝም። ግን ስትሰሉ ይህችን አትዝለሏት። ርቆ የሄደ ሰው ይታዘንለታል፤ የሚታዘንለት ሰው ደግሞ እውነት አይነገረውም። በገዛ ቤቱ እንግዳ ይሆናል። ክትፎው ይቀርብለታል፤ የቤቱ ኀዘን ግን ይደበቀዋል። ያ ሰው ሱቁ ቢዘረፍ መልሶ ይሞላዋል። ያለፈውን የአባቱን ቀብር ግን ምን ይሞላዋል?

እዚህ የቀራችሁም፣ የምትደብቁት ሆይ፣ ለእናንተም አለኝ። ስለምትወዱት ነው፤ አውቃለሁ። ግን ልቅሶው የእሱ ነበር። በጊዜው ልቅሶውን የነሣችሁት ልጅ ተመልሶ ቤተኛ ይሆናል ብላችሁ አትጠብቁ።

ደግሞ ባሕር ያልተሻገራችሁ፣ «ይህስ ስብከት ለእነ እገሌ ነው» ብላችሁ የተዝናናችሁ አላችሁ። ለመሄድ ፓስፖርት ያስፈልጋል ያለው ማን ነው? ከእናቱ ሁለት ሰፈር ርቆ ደቡብ አፍሪካ ያለ ሰው አውቃለሁ! እሷም «ለምን ጠፋህ?» ማለቱን ትታለች። እሱም ተስማምቶታል። ከእግዚአብሔርስ ጋር እንዲህ የኖርን የለንም? ድሮ ልባችን ሲወቅሰን እንቅልፍ አይወስደንም ነበር። አሁን ዝም ብሏል። እኛም ሰላም አገኘን ብለን እንተኛለን። ኧረ ተዉ! ዝም ሲላችሁ አትተኙ፤ ያን ጊዜ ነው መደንገጥ።

የሚነዘንዛችሁ ሰው አለ? «መቼ ነው የምትመጣው? ረሳኸን፣ ጠፋሽብን» የሚል፣ ስልክ ባነሣችሁ ቁጥር የሚቆጣ? ተመስገን በሉ። አለላችኋል። መሄድ የምትችሉ ዛሬውኑ ሂዱ። መሄድ የማትችሉ ደግሞ ደውሉ፤ እስኪቆጣችሁም ድረስ ስልኩን አትዝጉ።